የአደባባይ ጌጥ ያለ ሕዝብ እጅ አይጸናም

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን የሚካሄደውን ሥራ ለተመለከተ ሰው፣ ዘመኑ የንጣፍና የግድግዳ ዘመን መሆኑን ለመረዳት አይቸግረውም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቶ፣ ጎንደርም ከዚሁ ሥራ ድርሻዋን አግኝታለች። የእግረኛው መንገድ ይነጠፋል፤ አጥሩ ይለሰናል፤ አደባባዩ በመብራትና በአበባ ያጌጣል። በሌላ በኩል ደግሞ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ብዙ ሰዎችም ከኖሩበት ቦታ ተነሥተዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሕዝብ ስምና በሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ሦስት ጥያቄዎች መነሣታቸው የግድ ነው። ጌጡን የመረጠው ማነው? የሠራውስ ማነው? ነገ የተሰበረ እንደሆነ የሚጠግነው ማነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው። መረጠው ጽሕፈት ቤቱ፤ ሠራው ተቋራጩ፤ የሚጠግነው ግን ገና አልታወቀም። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ይኸው ሦስተኛው መልስ ነው። ነዋሪው በምርጫውም በሥራውም ያልገባበት ጌጥ፣ ሲሰበር የማንም አይሆንምና።

ሞዛይክ ምንድን ነው?

ከአደባባይ ጥበቦች ሁሉ ይህን ነገር አጉልቶ የሚያሳየው ሞዛይክ የሚባለው ነው። ሞዛይክ ማለት የድንጋይ፣ የሸክላ፣ የመስተዋት ወይም የሴራሚክ ስብርባሪ እየተለቀመ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን እየተደረደረ ሥዕል የሚሆንበት ጥበብ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የቤታቸውን ወለል፣ የቢዛንታይን ሰዎችም የቤተ ክርስቲያናቸውን ጣሪያ በዚህ አስጊጠውበታል። በቀለም የተሣለ የግድግዳ ሥዕል ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ያደበዝዘዋል። ሞዛይክ ግን ቀለሙ የድንጋዩና የሴራሚኩ የራሱ ስለ ሆነ፣ በደንብ ከተሠራ ብዙ ዘመን ይቈያል።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የሞዛይክ ሥራ ለብዙ እጅ ይከፋፈላል። አንዱ ዘዴ ስብርባሪውን በግድግዳው ላይ በቀጥታ መትከል ነው። ሁለተኛው ግን የተገላቢጦሽ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ በትልቅ ወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ወረቀቱ በቍጥር ተለይቶ ይቈራረጣል፤ ስብርባሪው በዱቄት ሙጫ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ በየወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ግድግዳው ተወስዶ በርጥብ ልስን ላይ ይጫንና፣ ልስኑ ሲይዝ ወረቀቱ በውሃ ርሶ ይላጣል። በዚህ ዓይነት ንድፉን የሚያወጣው ሠዓሊ አንድ ሲሆን፣ ለቃሚውና ለጣፊው በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ተማሪ፣ እናትና ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን እንመልከት። እያንዳንዱ ስብርባሪ በየጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሳንቈጥር፣ አንድ ካሬ ሜትር ለመሙላት 2,500 ስብርባሪ ያስፈልጋል። ለአሥር ካሬ ሜትር ግድግዳ 25,000 መሆኑ ነው። ይህ ለአንድ ሰው የወራት ድካም ነው። ለ250 ተማሪዎች ግን ለእያንዳንዳቸው መቶ መቶ ስብርባሪ ብቻ ይደርሳቸዋል።

የውጭ አገር ልምድ

በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በአንድ ኰረብታማ ሰፈር ውስጥ 163 ደረጃዎች ያሉት የሲሚንቶ መውጫ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 አይሊን ባርና ኮሌት ክራቸር የተባሉ ሁለት የጥበብ ሰዎች ይህን ደረጃ ከታች ባሕሩን፣ ከላይ ፀሐይን በሚያሳይ ሞዛይክ ሸፍነውታል። ሐሳቡ የመነጨው ከሰፈሩ ነዋሪዎች ሲሆን፣ ከ300 የሚበልጡ ጎረቤቶች በልዩ ልዩ መንገድ ተሳትፈዋል፤ ገንዘብ ያዋጡትም ስማቸው በዓሣውና በወፉ ቅርጽ ላይ ተጽፎላቸዋል።

ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ወደ ሕንድ እንሂድ። ፈረንሳዊው ለኮርቡዚዬ የቻንዲጋርን አዲስ ከተማ በሚያቅድበት ጊዜ፣ ለከተማው ቦታ ሲባል ብዙ መንደሮች ፈርሰው ነበር። ኔክ ቻንድ የተባለ ዝቅተኛ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ ከእነዚያ ፍርስራሾች የተሰባበረ ሳሕን፣ ስኒ፣ አምባርና ድንጋይ በብስክሌት እያመላለሰ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ በመንግሥት ደን ውስጥ በድብቅ የሰውና የእንስሳ ምስል ይሠራ ጀመር። ሥራው ሕግ የተላለፈ ስለ ነበር፣ ሲደረስበት ባለሥልጣኖቹ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በ1976 ለሕዝብ ከፈቱት፤ ለሰውየውም ደመወዝና 50 ሠራተኞች ሰጡት። ከብዙ ዓመት በኋላ ቡልዶዘር በአትክልቱ ውስጥ መንገድ ሊያወጣ በመጣ ጊዜ፣ የቆመው የፖሊስ ኀይል አልነበረም፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ የከለከለው የከተማው ሕዝብ ነው። ይህን ታሪክ ለወጣት ሹሞች ማስታወስ የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። ሠሪው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ያዳነውም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ የወሰደው አስተዋይ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ማስጠንቀቂያ ያለበት ነው። የቬትናም ዋና ከተማ ሐኖይ የሺህ ዓመት በዓሏን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ስታከብር፣ በወንዙ መከላከያ ግንብ ላይ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሴራሚክ ሞዛይክ ተሠራ። ሐሳቡን ያመነጨችው ንጉየን ቱ ቱዪ የተባለች ሠዓሊና ጋዜጠኛ ስትሆን፣ በከተማው አጠገብ ያለችው ጥንታዊቷ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ባት ቻንግ ለሥራው ተባባሪ ሆናለች። ሥራው የዓለም ሪኮርድ ሆኖ ተመዘገበ። ዓመታት ሲያልፉ ግን እዚህም እዚያም ተሰነጠቀ፤ ከፊሉም ለመንገድ ማስፋፊያ ተነሣ። ከዚህ የምንማረው፣ ትልቅ መሆን ብቻውን ለዕድሜ ዋስትና እንደማይሆን ነው።

ጎንደር ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሞዛይክ የሚለው ቃል የፈረንጅ ቢሆንም፣ ነገሩ በጎንደር ምድር አዲስ አይደለም። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ስለ ተሠራው የቤተ መንግሥት እልፍኝ ጽፎ ያለፈው ነገር አለ። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በዝሆን ጥርስ ተለብጦ፣ ከበላዩ በመዳብ የተቀፈፈ የቬኒስ መስተዋት ተደርድሮበት ነበር። ጣሪያው ደግሞ ቀለም የተቀባ ሸምበቆ ተሰንጥቆ በሞዛይክ መልክ የተሰካበት ነበር። መስተዋቱ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ሸምበቆው ግን የአገር ነው። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች የውጭውን ዕቃ ከአገሩ ጋር ማዋሐድን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት የቍስቋም ሕንፃ ላይም በቀይ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀልና ምስል ከግንቡ ጥቁረት ላይ ጎልቶ ይታያል። በፋሲል ግቢም የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት በዚሁ ዓይነት ቀይ ድንጋይ የተከበበ ነው። ሁለት ቀለም ያለውን ድንጋይ አጋብቶ ዐይን እንዲስብ ማድረግ፣ ለሞዛይክ ሠሪ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው እንፍራንዝም የዚህ ታሪክ ባለቤት ናት። ከከተማዪቱ አጠገብ ከጣና በላይ ባለው ኰረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ቤተ መንግሥት፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገርለታል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት እንፍራንዝ የነገሥታት መክረሚያ ነበረች። ዛሬ ግን በዋናው መንገድ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ጕዞውን ይቀጥላል እንጂ፣ ከበላዩ ያለውን ታሪክ የሚነግረው ምልክት በመንገዱ ዳር አያገኝም።

ገሉና ገል ሠሪዋ

ለሞዛይክ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነገር ሸክላ ነው። ይህንንም አካባቢው ከማንም አይበደርም። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም፣ የሸክላው ሙያ በቀሩት ሴቶች እጅ ሲሠራበት ቈይቷል።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸማኔንና ፋቂን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ በሽታ ነው። በእጃቸው የሠሩትን ጀበናና ምጣድ እየተጠቀምንበት፣ ባለ እጆቹን ቡዳ እያልን ስንርቃቸው ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን በየቤቱ ጨርሶ አልጠፋም። እንግዲህ በአደባባይ ላይ የሚቆም የሸክላና የድንጋይ ሥዕል፣ ከጌጥነቱ ሌላ የሚያከናውነው ቁም ነገር ይህ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ከማድ ቤት ወጥቶ በከተማው መካከል፣ ስሟም ከታች ተጽፎበት፣ በሁሉ ፊት ይቆማል። ልጇም በዚያ ሲያልፍ አንገቱን አይደፋም።

ሁለት የአገር ምሳሌዎች

በዘመናዊው ጥበባችን ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ልዩ ልዩ ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የነደፉት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስተዋት የአፍሪካን ያለፈ ጊዜ፣ የትግሏን ዘመንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳይ ነበር፤ ዛሬም ያሳያል። የሐሳቡ ባለቤት ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ መስተዋቱ ግን የተዘጋጀው በፈረንሳይ አገር የሥራ ቤት ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት፣ መስተዋቱን ለማደስ የተጠራው የዚያው የፈረንሳይ ሥራ ቤት የልጅ ልጅ ነበር። በዚያ አገር ሙያው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ተላልፎ ቈይቷል። ሥዕሉ ያለው ከእኛ ዘንድ፣ የጥገናው እጅ ያለው ግን ከሌላ ዘንድ ሆኖ ስድሳ ዓመት አለፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ የሰው እጅ የጣለውን ቍልፍ፣ ቆርኪና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስብርባሪ ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ እንደ ሞዛይክ በሰሌዳ ላይ እየደረደረ በዓለም የታወቀ ሥራ ሠርቷል። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው የዞማ ሙዚየምም፣ ግድግዳው በጭቃና በጭድ፣ በጥንቱ የቤት አሠራር የተገነባ ነው። እዚህ ላይ ዕቃው ያገር ነው፤ ሙያውም ያገር ነው፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ከደጅ አይታጣም።

ከእነዚህ ሌላ ሁላችንም የረገጥነው ምሳሌ አለ። ይኸውም በብዙ ከተሞቻችን የተነጠፈው የኮብልስቶን መንገድ ነው። በብዙ ሰፈር ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ፣ ወጣቱ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ተምሮ፣ በገዛ ደጁ መንገድ ሠርቷል። የተማረ ወጣት ድንጋይ ይጠርባል ወይ ተብሎ ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን ድንጋይ በቅስት መልክ አጋጥሞ ማንጠፍ የቻለ እጅ፣ ከሞዛይክ የሚለየው ጥቂት ትምህርት ብቻ ነው።

በእንፍራንዝ ቢሞከርስ?

አንድ ነገር በምሳሌ ካልታየ ምኞት ሆኖ ስለሚቀር፣ በእንፍራንዝ አንድ ግድግዳ ቢሠራ ምን ዓይነት ሥርዐት እንደሚያስፈልገው እንመልከት።

በመጀመሪያ የቦታው ምርጫ ነው። ሞዛይኩ በጉዛራ ግንብ ላይ ወይም በማናቸውም ጥንታዊ ሕንፃ ላይ ፈጽሞ ሊለጠፍ አይገባም። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግንብ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ በተለጠፈበት ጊዜ ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ይበላዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና በኋላ ለቅርስ ጠባቂዎች ችግር ሆኖ መገኘቱ ይታወቃል። ቅርስን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ በቅርስ ላይ እጅ ማሳረፍን ይከለክላል። ስለዚህ ተገቢው ቦታ የትምህርት ቤት አጥር፣ የጤና ጣቢያ ግድግዳ፣ ወይም የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው።

ሁለተኛው የዕቃው ምርጫ ነው። በኩበትና በእንጨት እሳት የተተኰሰ ገል ውሃ ስለሚጠጣ፣ የክረምት ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ቶሎ ይፈረፈራል። እንዲህ ያለው ገል ከጣሪያ ሥር ወይም በቤት ውስጥ ይዋል። በውጭ ላለው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ፣ ጠንካራ ቀይ ድንጋይ፣ የተሰበረ ስኒና የሴራሚክ ትርፍራፊ ይሻላል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ግን በእግር በሚረገጥ ቦታ ላይ መነጠፍ የለበትም፤ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታልና፣ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ይጎዳበታል።

ሦስተኛው የሥዕሉ ምርጫ ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ምን ይሣል? ነገሥታቱ? ገበሬው? የጣና ታንኳ? በእንፍራንዝ ክርስቲያንም እስላምም ይኖራል፤ ገበሬም ነጋዴም አለ። አንዱን ወገን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል የጠብ ምክንያት ይሆናል። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በገበያ ቀን ተሰቅሎ፣ ሕዝቡ ተመልክቶት፣ የሚቃወመውም ተሰምቶ ሊታረም ይገባል። የሕዝብ ተሳትፎ ማለት በምረቃው ቀን ማጨብጨብ አይደለም፤ ንድፉ ገና በእርሳስ ሳለ «ይህ ይቅር» ለማለት መቻል ነው።

አራተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ሸክላ ሠሪዋና ድንጋይ ጠራቢው ሙያተኞች ስለ ሆኑ የሙያ ዋጋቸው ሊከፈላቸው ይገባል፤ ተሳትፎ በሚል ስም ነጻ ጕልበት መውሰድ ሌላ ዓይነት ንቀት ነው። ከሥራው በጀትም ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብና ትርፍ ስብርባሪ ተለይቶ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች፣ ሕዝቡ ውሃ፣ መድኀኒትና ሰላም ሳያገኝ ስለ ጌጥ መናገር ቅንጦት ነው ይሉ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ኑሮን እንዳወከ፣ የጎንደርንም የቱሪስት ገበያ እንደ ጎዳ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ሞዛይክ ውሃም ዳቦም አይሆንም፤ ሰላምንም አያወርድም። ለአንድ መንደር ከውሃ ጕድጓድና ከግድግዳ ሥዕል አንዱን ምረጥ ቢባል፣ ጕድጓዱን መምረጥ ይገባል። ነገር ግን በያዝነው ጉዳይ ምርጫው ይህ አይደለም። ንጣፉና ልስኑ በተፈቀደ በጀት እየተሠራ ነው፤ ጥያቄው ይኸው ገንዘብ ፋብሪካ ያወጣውን አንድ ዓይነት ታይል ብቻ ይግዛ፣ ወይስ ከፊሉ በአካባቢው እጅ ውስጥ ይግባ የሚል ነው።

ሌሎች ደግሞ ብዙ እጅ ከገባበት ሥራው ይበላሻል ይላሉ። ይህ ስጋት በከፊል እውነት አለው። ስለዚህ ነው ንድፉና መጨረሻው ተከላ በሠለጠነ ሠዓሊና ግንበኛ ቁጥጥር ሥር መሆን የሚገባው። ሕዝብ ይሳተፍ ማለት አዋቂው ይነሣ ማለት አይደለም። የተጣመመ ስብርባሪ በወረቀቱ ላይ ሳለ ሊታረም ስለሚችል፣ የተገላቢጦሹ ዘዴ ለዚህም ይረዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከጽሕፈት ቤት የሚመጣ ነው፤ «ጊዜ የለንም፣ የምረቃው ቀን ተቈርጧል» የሚል። እውነት ነው፤ ሕዝብን መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ያልተጠየቀ ሕዝብ ያላሰበለትን ነገር በየዓመቱ መጠገን ግን የበለጠ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል።

ለወጣቱ የቀረበ ሥራ

ይህን ለመጀመር ትልቅ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የምሕንድስናና የሥነ ጥበብ ተማሪ የሆናችሁ፣ በዕረፍታችሁ ወደ ትውልድ አገራችሁ ስትመለሱ፣ የአካባቢያችሁን ድንጋይ ቀለም፣ የሸክላ ሠሪዎቹን ስምና ብዛት፣ የትኛው ግድግዳ ዝናብ እንደሚመታው መዝግቡ። የታሪክ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ለሥዕል የሚሆነውን ታሪክ ሰብስቡ። በከተማ አስተዳደርና በወረዳ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ደግሞ፣ የሚቀጥለው የንጣፍ ወይም የአጥር ውል በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ አንቀጽ እንዲጨመርበት ጠይቁ። አሥር ካሬ ሜትር የማትበልጥ ግድግዳ ለአካባቢው ሙያተኞችና ለትምህርት ቤቱ ይተው፤ ንድፉም በገበያ ቀን ለሕዝብ ይታይ።

ያቺ ትንሽ ግድግዳ በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ትፈተናለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ከስብርባሪዎቿ አንዱ ሲወድቅ፣ አንድ ተማሪ አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞት የገባ እንደሆነ ሥራው ተሳክቷል። እዚያው ወድቆ የቀረ እንደሆነም የጎደለውን ነገር መርምረን፣ በሁለተኛዪቱ ግድግዳ ላይ እናርመው።